ዘውድ ያልደፋው ግራንድማስተር፦ የቪክቶር ኮርችኖይ የሥራ ዘመን

የተከበራችሁ ወላጆች፣ ውድ ተማሪዎች፤

ቼስ ማስተማር ከጀመርኩ ወዲህ ከወላጆች በየዓመቱ የሚቀርብልኝ ጥያቄ አንድ ነው። ልጁ ወይም ልጅቷ ጎበዝ መሆናቸው መታየት ሲጀምር አባት ወይም እናት ለብቻዬ ጠርተው፣ ድምፃቸውንም ዝቅ አድርገው፣ «ለመሆኑ ይህ ነገር እንጀራ ይሆናል ወይ?» ይሉኛል። ጥያቄው ተገቢ ነው፤ መልሱን ግን በሁለት ደቂቃ በበር ላይ መስጠት አልቻልኩም። ስለዚህ ዛሬ በተሰጠኝ ሰዓት የአንድን ሰው የሥራ ዘመን ከመነሻው እስከ መድረሻው ልተርክላችሁ ወስኛለሁ። ሰውየው የዓለም ሻምፒዮን ሆኖ አያውቅም። የመረጥኩትም በዚሁ ምክንያት ነው፤ ሻምፒዮኖቹ በጣት የሚቆጠሩ ሲሆኑ፣ ግራንድማስተርነት ግን ሥራ ነው፤ የሥራውን ጣዕምም ሆነ ምሬት ከቪክቶር ኮርችኖይ የበለጠ የቀመሰ ሰው አላውቅም። የምጠቅሳቸው ዓመታት በሙሉ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር መሆናቸውን አስቀድሜ አሳስባለሁ።

በመጀመሪያ ስለ ማዕረጉ ጥቂት ልበል። ዓለም አቀፉ የቼስ ፌዴሬሽን የግራንድማስተርነትን ማዕረግ በይፋ መስጠት የጀመረው በ1950 ሲሆን የመጀመሪያዎቹ ተቀባዮች 27 ነበሩ። ዛሬ ማዕረጉን ለማግኘት አንድ ተጫዋች ከውጤቶቹ የሚሰላለት የደረጃ ነጥቡ 2500 መድረስ አለበት፤ ከዚያም በተጨማሪ በጠንካራ ውድድሮች የ2600 ደረጃ ያለው ተጫዋች የሚያመጣውን ያህል ውጤት በተደጋጋሚ ማስመዝገብ ይጠበቅበታል። ማዕረጉ አንዴ ከተሰጠ የዕድሜ ልክ ነው። ነገር ግን ከማዕረጉ ጋር ደመወዝ አይመጣም፤ ጡረታም አይመጣም፤ ወደ ውድድር የሚጋብዝ ሰውም የግድ አይመጣም። የኮርችኖይ ሕይወት ይህንን ቁልጭ አድርጎ ያሳያል።

ኮርችኖይ በመጋቢት 1931 ሌኒንግራድ ተወለደ። ቼስን ያስተማረው አባቱ ነው። አሥር ዓመት ሲሞላው የጀርመን ጦር ከተማዋን ከበበ፤ ከበባውም ወደ 900 ቀን ለሚጠጋ ጊዜ ቆየ። አባቱ በመጀመሪያው ዓመት በላዶጋ ሐይቅ ላይ ሞተ፤ ከዘመዶቹም በረሃብ ያለቁ ነበሩ። ልጁን ያሳደገችው የእንጀራ እናቱ ሮዛ አብራሞቭና ናት። በ1943፣ ከበባው ገና ሳይነሣ፣ በሌኒንግራድ የአቅኚዎች ቤተ መንግሥት ይባል በነበረው የልጆች ማእከል የቼስ ክበብ ገባ። ይህ ነገር ሁልጊዜ ይገርመኛል፤ ዳቦ በግራም እየተመዘነ በሚታደልባት ከተማ ሕፃናት በሰሌዳ ዙሪያ ተቀምጠው የሚያስተምራቸው ሰው ነበራቸው። ከአራት ዓመት በኋላ፣ በ1947፣ የሶቪየት ኅብረት የወጣቶች ሻምፒዮን ሆነ።

ከዚያ በኋላ ያለው ዕድገት ፈጣን አልነበረም። በዩኒቨርሲቲ ታሪክ አጠና፤ ግራንድማስተር የሆነው በ1956፣ በ25 ዓመቱ ነው። ዛሬ ልጆች በ13 እና በ14 ዓመታቸው ማዕረጉን ሲይዙ እያየን ይህ የዘገየ ሊመስለን ይችላል፤ ሆኖም በዚያን ጊዜ በሶቪየት ኅብረት ውስጥ ከፍ ብሎ መታየት ማለት ከዓለም ምርጦች ግማሽ ከሚሆኑት ጋር በየዓመቱ መፋለም ማለት ነበር። የአገሪቱ ሻምፒዮና ከብዙዎቹ ዓለም አቀፍ ውድድሮች ይከብድ ነበር፤ ኮርችኖይ ይህንን ሻምፒዮና አራት ጊዜ አሸንፏል፤ በ1960፣ በ1962፣ በ1964/65 እና በ1970። አጨዋወቱም የራሱ ነበር። ተጋጣሚው እንዲያጠቃው ይፈቅዳል፤ ሌላው ሰው ለመንካት የሚፈራውን ወታደር ይበላና ከዚያ በኋላ የሚመጣበትን ዶፍ ጥርሱን ነክሶ ይችላል። በዓለም ላይ እንደ ታል የሚፈራ አጥቂ ባልነበረበት ዘመን ታልን ደጋግሞ ያሸነፈው በዚህ ዘዴ ነው። ለአቻ ውጤት ፍቅር አልነበረውም፤ ሊሸነፍ የሚችልበትን መንገድ ቢያይ እንኳ፣ በዚያው መንገድ ማሸነፍም የሚቻል ከሆነ፣ ይገባበት ነበር።

የሶቪየት ግራንድማስተር የመንግሥት ደመወዝተኛ ነበር። ደመወዙ ይከፈለዋል፤ አሠልጣኝ ይመደብለታል። በምላሹ ወደ ውጭ የሚወጣው ሲፈቀድለት ብቻ ነው፤ የት እንደሚጫወትም የሚወስንለት ኮሚቴ ነው። ስለዚህ ማን ለዓለም ዘውድ ቢቀርብ ይሻላል የሚለው ጉዳይ በሰሌዳው ላይ ብቻ የሚወሰን አልነበረም። በ1974 በሞስኮ በተካሄደው፣ የዓለም ሻምፒዮኑን ተጋጣሚ በሚለየው የዕጩዎች ፍጻሜ ኮርችኖይ ከአናቶሊ ካርፖቭ ጋር ተገናኘ። ካርፖቭ የ23 ዓመት ወጣት ነበር፤ የባለሥልጣናቱም ተስፋ በእርሱ ላይ ነበር። ካርፖቭ 3 ለ 0 ከመራ በኋላ ኮርችኖይ ሁለቱን መለሰ፤ ከ24 ጨዋታዎች 19ኙ አቻ ሆነው ግጥሚያው 3 ለ 2 አለቀ። በሚቀጥለው ዓመት የወቅቱ ሻምፒዮን አሜሪካዊው ቦቢ ፊሸር ዘውዱን ለመከላከል ስላልመጣ ካርፖቭ ሳይጫወት ሻምፒዮን ሆነ። በአንድ ጨዋታ ልዩነት የተሸነፈው ኮርችኖይ ግን ለዩጎዝላቭ ጋዜጣ በሰጠው ቃለ ምልልስ ስለ አሸናፊው የሚሰማውን ሳይሸፍን ተናገረ። ቅጣቱ ብዙ ሳይቆይ መጣ፤ ደመወዙ ተቀነሰ፤ ለአንድ ዓመት ያህልም ወደ ውጭ እንዳይወጣ ተከለከለ።

እዚህ ላይ ቆም ብላችሁ እንድታስቡ እፈልጋለሁ። ሰውየው 44 ዓመቱ ነው። በዓለም ሁለተኛ ወይም ሦስተኛ የሚባል ተጫዋች ነው። ሙያው ተጋጣሚ ይፈልጋል፤ ተጋጣሚዎቹ ደግሞ ያሉት ከድንበር ማዶ ነው። ገበሬ መሬቱን ቢቀማ ምን እንደሚሆን ሁላችንም እናውቃለን።

በሐምሌ 1976 አምስተርዳም ውስጥ በአንድ ውድድር ተጫወተ፤ ከእንግሊዛዊው ቶኒ ማይልስ ጋርም አንደኝነቱን ተካፈለ። ውድድሩ ሲያልቅ ማይልስን «የፖለቲካ ጥገኝነት» የሚለው ቃል በእንግሊዝኛ እንዴት እንደሚጻፍ ጠየቀው፤ ከዚያም ፖሊስ ጣቢያ ገብቶ ጥገኝነት ጠየቀ። ሚስቱ ቤላና ልጁ ኢጎር ሌኒንግራድ ቀሩ። በኋላ ስዊዘርላንድ ኖረ፤ ዜግነቷንም አገኘ።

ከአገሩ የወጣ ሰው ነፃ ወጥቷል እንላለን፤ የኮርችኖይ ሥራ ግን ገና መጥበብ መጀመሩ ነበር። የሶቪየት ተጫዋቾች እርሱ በተጋበዘበት ውድድር አንካፈልም አሉ። አዘጋጆች ኮርችኖይን ቢጠሩ ካርፖቭንና ጓዶቹን ያጣሉ፤ ስለዚህ ብዙዎቹ እርሱን መጥራት ተዉ። ይህ ማዕቀብ ሰባት ዓመት ቆየ። ሊከለክሉት ያልቻሉት በር አንድ ብቻ ነበር፤ እርሱም ለዓለም ሻምፒዮና የሚያደርሰው የዕጩዎች ግጥሚያ ነው፤ ምክንያቱም እዚያ ቦታውን ያገኘው በውጤቱ ነው። በ1977 ጣሊያን ውስጥ ፔትሮስያንን፣ ፈረንሳይ ውስጥ ፖሉጋዬቭስኪን ጣለ። ፍጻሜው በቤልግሬድ ከስፓስኪ ጋር ነበር። በመጀመሪያዎቹ 10 ጨዋታዎች 7½ ለ 2½ መራ፤ ከዚያ ስፓስኪ በሰሌዳው ፊት መቀመጡን ትቶ በመድረኩ ላይ በተሠራለት ማረፊያ ሆኖ ትልቁን የማሳያ ሰሌዳ እያየ ማሰብ ጀመረ፤ በተጋጣሚው ወንበር ባዶነት የተረበሸው ኮርችኖይ አራት ጨዋታዎችን በተከታታይ ተሸነፈ። እንደምንም ራሱን ሰብስቦ 10½ ለ 7½ ጨረሰ። ሦስቱም ተሸናፊዎች የትናንት የአገሩ ልጆች ነበሩ።

እንግዲህ ወደ ባግዮ እንሂድ። ባግዮ በፊሊፒንስ ተራሮች ላይ ያለች ከተማ ስትሆን ግጥሚያው የተካሄደው ከሐምሌ 18 እስከ ጥቅምት 18፣ 1978፣ በዝናቡ ወራት ነው። ደንቡ ስድስት ጨዋታ ቀድሞ ያሸነፈ ዘውዱን ይወስዳል የሚል ነበር፤ አቻ አይቆጠርም፤ የጨዋታዎቹም ብዛት ገደብ የለውም። በዚህ ደንብ ሁለት ጠንካራ ሰዎች ቢገናኙ መቼ እንደሚያበቃ ማንም ሊናገር አይችልም፤ በእርግጥም ሦስት ወር ፈጀ።

ስለዚህ ግጥሚያ የሚወሩ ታሪኮችን ምናልባት ሰምታችሁ ይሆናል። በሁለተኛው ጨዋታ ለካርፖቭ በጨዋታው መካከል ሐምራዊ እርጎ ሲላክለት የኮርችኖይ ወገኖች በእርጎው ዓይነትና ሰዓት ምስጢራዊ መልእክት ሊተላለፍ ይችላል ብለው አቤቱታ አቀረቡ። ከካርፖቭ ቡድን ጋር የመጣው ዶክተር ዙካር የተባለ የሥነ ልቦና ሰው በአዳራሹ ፊተኛ መቀመጫዎች ተቀምጦ ኮርችኖይን ትኩር ብሎ ያየው ነበር፤ ኮርችኖይም የሚያንጸባርቅ መነጽር አድርጎ ቀረበ። ባንዲራም ክርክር ሆነ፤ የስዊዘርላንድን ባንዲራ በጠረጴዛው ላይ እንዲያኖር ቢጠይቅ ዜጋዋ አይደለህም ተባለ። ብዙ ሰው እነዚህን እንደ ቀልድ ያነሣቸዋል። እኔ ቀልድነታቸው አይታየኝም። በአንድ ወገን አንድ ኃያል መንግሥት ሙሉ ቡድን አሰልፎ መጥቷል፤ በሌላው ወገን አገር የሌለው፣ ሚስቱና ልጁ በዚያው መንግሥት እጅ ያሉ የ47 ዓመት ሰው ተቀምጧል። እንዲህ ያለ ሰው በእርጎ ቢጠራጠር አይፈረድበትም።

ከሁሉም በላይ ግን ልትመለከቱ የሚገባችሁ አሥራ ሰባተኛውን ጨዋታ ነው፤ ስለዚህ በማሳያ ሰሌዳው ላይ ደርድሬዋለሁ። ነጩ ኮርችኖይ ነው። ንጉሡ በg1 ላይ ነው (ፊደሉ ዓምዱን፣ ቁጥሩ ረድፉን ያመለክታል)፤ በፊቱ በg2 እና በh2 ሁለት ወታደሮች ቆመውለታል፤ በa4 ደግሞ ሦስተኛ ወታደር አለው። አንዱ ግንቡ በh7፣ ሌላው በa3 ነው። ጥቁሩ ካርፖቭ አንድም ወታደር የለውም፤ ያለው አንድ ግንብ በc6፣ ሁለት ፈረሶች በd2 እና በe4፣ እንዲሁም ከጠላት መንደር ዘልቆ በe2 ላይ የቆመ ንጉሥ ነው። ኮርችኖይ ሲጫወት ውሎ የተሻለ ቦታ ይዞ የነበረ ሰው ነው። አሁን 39ኛው እርምጃ ላይ ነው። በደንቡ መሠረት 40 እርምጃ በሁለት ሰዓት ተኩል ውስጥ መፈጸም አለበት፤ 40ኛውን ካደረገ ተጨማሪ ሰዓት ይሰጠዋል፤ የእርሱ ሰዓት ግን ሊያልቅ ተቃርቧል።

በአያቶቻችን ሰንጠረዥ ጨዋታው ሲከፈት ወረራ የሚባል ክፍል ነበር፤ የመጀመሪያው መብላት እስኪመጣ ሁለቱም ተራ ሳይጠብቁ እንዳሻቸው ያንቀሳቅሱ ነበር። እዚያ ፍጥነት የጨዋታው ደስታ ነው። በዘመናዊው ቼስ ደግሞ ፍጥነት ዕዳ ነው፤ የግራንድማስተር የሥራ ቀን አብዛኛው ስቃይ የሚጠራቀመው በእነዚያ የመጨረሻ ደቂቃዎች ላይ ነው።

ኮርችኖይ ግንቡን ከa3 ወደ a1 መለሰው። አሁን ጥቁሩን ፈረስ ከd2 አንሥቼ በf3 ላይ ሳስቀምጠው ተመልከቱ፤ ቼክ ነው። ንጉሡ ወደ ጥግ ወደ h1 ቢሸሽ ሌላው ፈረስ f2 ላይ ያርፍና ቼክሜት ይሆናል። ወታደሩ ፈረሱን ቢበላው ግንቡ g6 ላይ መጥቶ ቼክ ይላል፤ ንጉሡ ወደ ጥግ ይገባል፤ ያው ፈረስ f2 ላይ ያርፍና እንደገና ቼክሜት ነው። ሲጠብቁት የዋሉት የገዛ ወታደሮቹ መውጫውን ዘጉበት። ኮርችኖይ እጅ ሰጠ። ውጤቱ 4 ለ 1 ሆነ። ሰዓቱን ለማምለጥ የቀረው አንድ እርምጃ ብቻ ነበር።

ይህንን ጨዋታ ለተማሪዎቼ ሳሳይ ብዙዎቹ «ይህን እንዴት አላየም?» ይላሉ። አያይም። አምስተኛ ሰዓቱን ያጋመሰ፣ ከአንድ ወር በላይ በየሁለትና በየሦስት ቀኑ እንዲህ የተቀመጠ አእምሮ የማያየው ነገር አለ። ሊታይ የሚገባው ከዚያ በኋላ ያደረገው ነው። ከ27ኛው ጨዋታ በኋላ ካርፖቭ 5 ለ 2 መርቶ አንድ ድል ብቻ ቀርቶት ነበር። ኮርችኖይ 28ኛውን አሸነፈ። 29ኛውን አሸነፈ። 30ኛው አቻ ሆነ። 31ኛውን አሸነፈ። 5 ለ 5። በዚህ ደረጃ፣ በዚያ ድካም፣ ከዓለም ሻምፒዮን ላይ ከአራት ጨዋታ ሦስቱን መውሰድ ምን ያህል እንደሚከብድ የሚያውቀው የሞከረው ብቻ ነው። 32ኛውን ተሸነፈ፤ ዘውዱም በካርፖቭ ላይ ቀረ።

ከዚያ በኋላ ሌላ ሰው ቢሆን ለወራት በተኛ ነበር። ግጥሚያው ያበቃው ጥቅምት 18 ነው፤ በአንድ ሳምንት ውስጥ የቼስ ኦሊምፒያድ በቦነስ አይረስ ተከፈተ። ኮርችኖይ በዚህ የአገሮች ቡድን ውድድር የስዊዘርላንድ አንደኛ ሰሌዳ፣ ማለትም የቡድኑ ዋና ተጫዋች፣ ሆኖ ተሰለፈ፤ ከ11 ጨዋታ 9 ነጥብ አምጥቶም በአንደኛ ሰሌዳ ተጫዋቾች መካከል የወርቅ ሜዳሊያ ወሰደ። በጥር 1979 ነጥቡ 2695 ደረሰ፤ ይህ የዕድሜ ዘመኑ ከፍተኛው ነው። 47 ዓመት ከዘጠኝ ወር ላይ ነበር፤ ሌሎች ወደ አሠልጣኝነት በሚዞሩበት ዕድሜ።

በ1981 ሜራኖ ላይ ለሁለተኛ ጊዜ ከካርፖቭ ጋር ሲቀመጥ ልጁ ኢጎር የወታደራዊ አገልግሎት አልፈጸምክም ተብሎ ሁለት ዓመት ተኩል ተፈርዶበት እስር ቤት ነበር። ስለዚያ ግጥሚያ ብዙ መናገር አልፈልግም። 6 ለ 2 ተሸነፈ። ኢጎር በ1982 ተፈታ፤ እናትና ልጅም በዚያው ዓመት ከአገር ወጡ።

ማዕቀቡ የተነሣበት መንገድ ግን ሊነገር ይገባዋል። በ1983 በዕጩዎች ግማሽ ፍጻሜ ተጋጣሚው የ20 ዓመቱ ጋሪ ካስፓሮቭ ሆነ። ግጥሚያው በአሜሪካ፣ በፓሳዴና እንዲሆን ተወስኖ ሶቪየቶች አንልክም አሉ፤ ኮርችኖይ በቀጠሮው ተገኘ፤ በደንቡም ያለ ጨዋታ አሸናፊ ተባለ። እጁ የገባውን ድል ይዞ መሄድ ይችል ነበር። እርሱ ግን ግጥሚያው በሌላ ቦታ እንዲካሄድ ተስማማ፤ ከድርድሩም ጋር የሰባት ዓመቱ ማዕቀብ አበቃ። ለንደን ላይ የመጀመሪያውን ጨዋታ በጥቁር አሸነፈ፤ በመጨረሻ ግን 7 ለ 4 ተሸነፈ። ይህን ውሳኔ አንዳንዶች እንደ ዋህነት ይቆጥሩታል። እኔ በሙያው ታሪክ ውስጥ ከማከብራቸው ውሳኔዎች አንዱ ነው፤ ያለ ጨዋታ ያገኘውን ድል ለጨዋታ ለወጠው፤ ማንም ሳይከለክለው በየውድድሩ የመቀመጥ መብቱንም በዚያ ገዛ።

ወላጆች ወደ ጠየቃችሁኝ ጥያቄ ልመለስ። ኮርችኖይ ከዚያ በኋላ ለሠላሳ ዓመት ያህል የኖረው እንደ አብዛኞቹ ግራንድማስተሮች ነው፤ በውድድር ሽልማት፣ አዘጋጆች ለስሙ በሚከፍሉት፣ በክለብ ሊጎች በሚገኘው፣ በአንድ ጊዜ ከሠላሳና ከአርባ ሰው ጋር በሚደረግ ጨዋታ፣ በመጽሐፍና በትምህርት። ሽልማቱ የሚበቃው ከላይ ላሉት ጥቂቶች ነው። ከእነርሱ በታች ያለው ግራንድማስተር አንድ ሳምንት አንድ ከተማ፣ ሌላውን ሳምንት ሌላ ከተማ ያድራል፤ የሚከፈለው ያሸነፈ እንደሆነ ነው፤ ቢታመም የሚተካው የለም፤ ማታ የሚቀጥለውን ተጋጣሚ ጨዋታዎች እያጠና ያመሻል። ስለዚህ «እንጀራ ይሆናል ወይ?» ለሚለው የእኔ መልስ፣ ይሆናል፤ ግን እንደ ጎበዝ የእጅ ባለሙያ እንጀራ ነው፤ እጁ እስከሠራ ድረስ ብቻ የሚጋገር። ልጃችሁ ሰሌዳውን ያለ ሽልማትም የማይለየው ካልሆነ ሌላ ሙያ ይያዝና ቼስን ይውደድ እላለሁ። ይህን የምለው ተስፋ ለማስቆረጥ አይደለም፤ ብዙ ተሰጥዖ ያላቸው ልጆች የሥራውን ባሕርይ ሳይነገራቸው ገብተው አዝነው ሲወጡ ስላየሁ ነው።

ኮርችኖይ ከማይለዩት ወገን ነበር። በዕጩዎች ደረጃ ለመጀመሪያ ጊዜ የተጫወተው በ1962 በኩራሳው ሲሆን ለመጨረሻ ጊዜ የተጫወተው በ1991፣ በ60 ዓመቱ ነው። በ2006 የአረጋውያን የዓለም ሻምፒዮን ሆነ፤ በ75 ዓመቱም በዓለም ደረጃ ከመጀመሪያዎቹ መቶ ተጫዋቾች መካከል ስሙ ነበር። በሥራ ዘመኑ ከቦትቪኒክ ጀምሮ ታልን፣ ፔትሮስያንን፣ ስፓስኪን፣ ፊሸርን፣ ካርፖቭንና ካስፓሮቭን ቢያንስ አንድ አንድ ጊዜ አሸንፏል፤ ገና የ14 ዓመት ልጅ የነበረውን ማግነስ ካርልሰንንም እንዲሁ። በ2011፣ በ80 ዓመቱ፣ የስዊዘርላንድን ሻምፒዮና ወሰደ።

በዚያው ዓመት መጀመሪያ ላይ በጂብራልታር ከ18 ዓመቱ ፋቢያኖ ካሩዋና ጋር ተመደበ። ካሩዋና ነጭ ነበር፤ ነጥቡም ከ2700 በላይ ነበር፤ ከሰባት ዓመት በኋላ ለዓለም ዘውድ ከካርልሰን ጋር የተቀመጠው ይኸው ልጅ ነው። በመካከላቸው የ61 ዓመት ልዩነት ነበር። ኮርችኖይ በጥቁር አሸነፈው።

በ2012 ስትሮክ ደርሶበት ከዚያ ወዲህ በተሽከርካሪ ወንበር ነበር የሚንቀሳቀስ። በ2015 ዙሪክ ውስጥ በዚያው ወንበር ሆኖ ከእድሜ አቻው ከጀርመናዊው ቮልፍጋንግ ኡልማን ጋር አጭር ግጥሚያ አደረገ፤ አቻ ተለያዩ። በሰኔ 2016 በስዊዘርላንድ፣ ቮለን በተባለች ከተማ፣ በ85 ዓመቱ አረፈ።

አሁን የአሥራ አምስት ደቂቃ ዕረፍት አለን። ተማሪዎች ስትመለሱ ማስታወሻና እርሳስ ይዛችሁ ግቡ፤ ከካሩዋና ጋር የተጫወተውን ጨዋታ ከመጀመሪያው እርምጃ ጀምረን አንድ በአንድ እናየዋለን፤ በየእርምጃውም የጥቁሩን ተራ እናንተ ትገምታላችሁ።